የእርሻችንን ረባዳ መሬት የረግረግ ማካካሻ ባንክ ማድረግ እንችላለን ወይ?

ገበሬው በቨርጂኒያ፦

ጤና ይስጥልኝ። እኔና ሁለት የእኅቴ ልጆች ገንዘባችንን አጠራቅመን በደቡብ ምሥራቅ ቨርጂኒያ 86 ኤከር የእርሻ መሬት ከገዛን አራት ዓመት ሊሞላን ነው። ከፍ ያለውን ክፍል ለጎረቤታችን አከራይተነው በቆሎና አኩሪ አተር እያፈራረቀ ያርሰዋል። ወደ 50 ኤከር የሚጠጋው ረባዳ ክፍል ግን ከዲሴምበር እስከ ኤፕሪል ውኃ ተኝቶበት ይከርማል። ጎረቤታችን ሁለት ዓመት ሞክሮ አንዱን ዓመት ብቻ አጨደ፤ በሦስተኛው «ዘሩንም ናፍጣውንም ለእንቁራሪት መገበር ሰለቸኝ» ብሎ ተወው። መሬቱን የሚያቋርጡ ሁለት ረጃጅም የማፋሰሻ ቦዮች አሉ። መቼ እንደተቆፈሩ የነገረን ሰው የለም፤ አንደኛው አሁን በደለልና በፊላ ተሞልቷል።

ከሁለት ወር በፊት አንድ ኩባንያ ረባዳውን ክፍል ገዝቶ ወይም በውል ይዞ «የረግረግ ማካካሻ ባንክ» ሊያቋቁምበት እንደሚፈልግ በደብዳቤ ገለጸልን። ያቀረበው ዋጋ እኛ ከገዛንበት ይበልጣል። ታናሹ የእኅቴ ልጅ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲያነብ አድሮ «እነሱ በእኛ መሬት የሚያተርፉትን እኛው ለምን አናተርፍም?» ይላል። ታላቅየው ደግሞ የማናውቀው ነገር ውስጥ ከመግባት ሸጠን ብንገላገል ይሻላል ባይ ነው። እኔ መሐል ሆኜ የሁለቱንም እሰማለሁ።

በሙያው ያላችሁ እንድትመክሩን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ይህ ባንክ የሚሸጠው በትክክል ምንድን ነው? መሬታችን አሁንም ውኃ የሚተኛበት መሆኑ ይጠቅመናል ወይስ ይጎዳናል? ከመጀመሪያው ወረቀት እስከ መጀመሪያው ገቢስ ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል?

አፈር ቆፋሪ፦

ጋሽ ገበሬው፣ በረግረግ ልየታ ሥራ፣ ማለትም የትኛው መሬት ረግረግ እንደሆነ መርምሮ በመለየት ላይ ዐሥራ አንድ ዓመት ቆይቻለሁና የማውቀውን ልጻፍልዎ።

የነገሩ ሥር የ1972ቱ የፌዴራል የንጹሕ ውኃ ሕግ፣ በተለይም ክፍል 404 ነው። በሕጉ ጥበቃ ሥር ባለ ረግረግ ላይ አፈር ደፍቶ መንገድ፣ ቤት ወይም መጋዘን የሚሠራ ሰው ከጦር ሠራዊቱ የመሐንዲሶች ጓድ ፈቃድ ማግኘት አለበት። ፈቃድ ጠያቂው በመጀመሪያ ጉዳቱን እንዲያስቀር፣ ማስቀረት ካልቻለ እንዲቀንሰው፣ ተቀንሶም የቀረውን እንዲያካክስ ይጠየቃል። ይህን ቅደም ተከተል ጓዱና የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ1990 ተስማምተው ጽፈውታል። ባንኩ የሚመጣው በሦስተኛው ደረጃ ላይ ነው። አንድ ባለሀብት አስቀድሞ የጠፋ ረግረግ መልሶ ያቋቁማል፤ ተቆጣጣሪዎቹ የሠራውን መዝነው ክሬዲት ይሰጡታል፤ ረግረግ ያጠፋው ገንቢም ያንን ክሬዲት ይገዛል። በ2008 የወጣው ደንብ ለማካካሻ ሲመረጥ የባንክ ክሬዲት ቅድሚያ እንዲታይ አድርጓል። ምክንያቱም ሥራው ከጉዳቱ በፊት ስለሚጀመርና ገንቢው ራሱ ከሚተክላት ትንሽ ኩሬ ይልቅ ሰፊና ተጠባቂ ስለሚሆን ነው። ገንቢው ክሬዲቱን ከገዛ በኋላ የማካካስ ኃላፊነቱ ከእርሱ ወርዶ ባንኩን ባቋቋመው ሰው ላይ ያርፋል። ክሬዲት ውድ የሆነውም ለዚህ ነው፤ ገንቢው ገንዘቡን የሚከፍለው ከዚያ ሸክም ለመገላገል ነው። ሸክሙን የሚረከቡት እንግዲህ እናንተ ትሆናላችሁ ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ብዙ ባለመሬቶች የሚሳሳቱበት ነው። መሬቱ ዛሬም ደኅና ረግረግ ከሆነ ክሬዲቱ ያንሳል፤ ምክንያቱም ክሬዲት የሚሰጠው ለተጨመረው ነገር ነው። ረግረግነቱን አጥቶ የነበረ መሬት ሲመለስ ከፍተኛውን ያገኛል፣ የተጎዳ ረግረግ ሲሻሻል ከዚያ ያነሰ፣ ያለውን ጠብቆ ማቆየት ደግሞ ከሁሉም ያነሰ። ስለዚህ የእናንተ ሀብት ያለው በተኛው ውኃ ላይ ሳይሆን በቦዮቹ ላይ ሊሆን ይችላል። ቦዮቹ እስከ ዛሬ ውኃውን እየጎተቱ ከሆነ፣ በሸክላ አፈር ሲደፈኑ ውኃው ይመለሳል፤ ያ የእናንተ ሥራ ውጤት ተብሎ ይቆጠራል። ቦዮቹ በደለል ተሞልተው ማፋሰስ ካቆሙ ቆይተው መሬቱ ራሱ ወደ ረግረግነት ተመልሶ ከሆነ ግን የምትጨምሩት ጥቂት ነው። ፊላው መብዛቱም አያጓጓዎ፤ አረንጓዴ በዛ ማለት ጤና በዛ ማለት እንዳልሆነ እምቦጭ በጣና ላይ አሳይቶናል፤ እዚህም ፊላና ሸምበቆ ሌላውን ተክል ውጠው ባንክን ከፈተና ይጥላሉ።

እርሻ ስለነበረ አንድ ተጨማሪ ነገር ያጣሩ። ከዲሴምበር 23 ቀን 1985 በፊት ውኃው ተፋስሶ ለእርሻ የተለወጠ መሬት በፌዴራል ሕግ የተለየ ስያሜ አለው፤ የካውንቲያችሁ የግብርና አገልግሎት ቢሮ መዝገብ ውስጥ ይኖራል። አሮጌ የአየር ፎቶዎችንም እዚያው ይጠይቁ፤ ቦዮቹ መቼ እንደተቆፈሩ ከማንም ሰው ይልቅ ፎቶው ይነግርዎታል።

ልየታው የሚከናወነው ጓዱ በ1987 ባወጣው መመሪያ ሲሆን ሦስት ማስረጃዎች ይፈለጋሉ፤ ውኃ ወዳድ ዕፅዋት፣ ውኃ የለወጠው አፈርና የውኃው መኖር ራሱ። አፈሩን እርስዎም በአካፋ ማየት ይችላሉ። ሃያ ኢንች ያህል ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍረው አንዱን ጎን በቢላዋ ያስተካክሉት። ከላይ ጥቁሩ የታረሰ አፈር ይታይዎታል። ከሥሩ ያለው ቡናማ ወይም ቀላ ያለ ከሆነ ደረቅ መሬት ነው። አመድማ ግራጫ ሆኖ፣ የሥር ቀዳዳዎችን ተከትሎ የዛገ ሚስማር የመሰለ ብርቱካናማ ክር ከሮጠበት ግን ያ አፈር ለረጅም ዘመን አየር አጥቶ ኖሯል። አንዳንዴ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ይመጣል። እኛ ቀለሙን በማንሰል የቀለም ሰንጠረዥ እናመሳክራለን፤ ዓይን ግን ከጥቂት ጉድጓዶች በኋላ ይለምደዋል።

አፈር ግን የድሮውን ነው የሚናገረው፤ ውኃው ከተፋሰሰ ስንት ዘመን አልፎት እንኳ ግራጫነቱ አይለቅም። የዛሬውን የሚነግርዎ የውኃ መለኪያ ነው። ጥልቀት የሌላቸው ቱቦዎች ተቀብረው በውስጣቸው የውኃውን ከፍታ በየቀኑ የሚመዘግብ መሣሪያ ይገባል። መለኪያው ዕፅዋት በሚያድጉበት ወቅት ውኃው ከመሬት በታች 12 ኢንች ወይም ከዚያ ቀርቦ ቢያንስ ለ14 ተከታታይ ቀናት መቆየቱ ነው፤ ይህም ከዐሥር ዓመት ቢያንስ በአምስቱ የሚሆን መሆን አለበት። በክረምት ብርድ ወራት የሚተኛ ውኃ ዓይን ይሞላል እንጂ ብቻውን ብዙም አያስረዳም። ከተቻለ ሁለት የዕድገት ወቅት ይለኩ፤ ዝናብ በበዛበት አንድ ዓመት ብቻ የተለካ መሬት ሰውን ያታልላል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ በመጀመሪያ የሐሳብ ሰነድ ይቀርባል፤ የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ተወካዮች ያሉበት ገምጋሚ ቡድን ያየዋል፤ ለሕዝብ ይፋ ሆኖ አስተያየት ይሰበሰባል፤ ቀጥሎም የባንኩ መተዳደሪያ ሰነድ ረቂቁ፣ ከዚያ የመጨረሻው ይቀርባል። ቨርጂኒያ ውስጥ ቡድኑን የጓዱ የኖርፎክ ዲስትሪክትና የስቴቱ የአካባቢ ጥራት መምሪያ በጋራ ይመሩታል። ደንቡ ለመንግሥት በኩል የሰጠው ጊዜ ሲደመር 225 ቀን ቢሆንም፣ ሰነድ እየተመለሰ ሲታረም የሚያልፈው ጊዜ በዚህ ውስጥ አይቆጠርም፤ ስለዚህ ከዓመት በላይ ይወስዳል ብለው ያስቡ። ከጸደቀም በኋላ ክሬዲቱ በአንድ ጊዜ አይለቀቅም። ጥቂቱ ሰነዱ ጸድቆ፣ መሬቱ በቋሚ ጥበቃ ተመዝግቦና የገንዘብ ዋስትናው ተቀምጦ ሲያልቅ ይለቀቃል፤ ሌላው የቁፋሮውና የተከላው ሥራ ሲጠናቀቅ፤ የቀረው ደግሞ በየዓመቱ ክትትል መስፈርቱ ሲሟላ። ክትትሉ ቢያንስ አምስት ዓመት ነው፤ ዛፍ የሚተከልበት ከሆነ ዐሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ሊሄድ ይችላል።

የውል ነገር፦

አፈር ቆፋሪ ስለ ውኃው ተናግሯል፤ እኔ ስለ ወረቀቱ ልጨምር። በሪል እስቴት ሰነዶች ዝግጅት ላይ ነው የምሠራው።

ባንክ የሚሆነው መሬት ላይ ቋሚ የጥበቃ ኢዝመንት፣ ማለትም የመሬቱን አጠቃቀም የሚገድብ የሕግ ግዴታ ይመዘገባል። «ቋሚ» ሲባል ቃሉ እንዳለ ይወሰድ፤ ልጆቻችሁም፣ ከእነርሱ የሚገዛውም ሰው ይታሰሩበታል። መሬቱ ላይ ሞርጌጅ ካለ አበዳሪው መብቱን ከኢዝመንቱ በታች ለማድረግ በጽሑፍ መስማማት አለበት፤ አለዚያ ብድሩ ሳይከፈል ቢቀር በሐራጅ ሽያጭ ኢዝመንቱ ሊጠፋ ስለሚችል ገምጋሚዎቹ አይቀበሉትም። አንዳንድ አበዳሪዎች ፈጽሞ እምቢ ይላሉ። የማዕድን መብቱ ከመሬቱ ተለይቶ ተሽጦ እንደሆነ፣ የመብራት ወይም የጋዝ መሥመር የሚያልፍበት መብት እንዳለ የይዞታ ምርመራው ያሳያል። ይህን ምርመራ ከሁሉ በፊት ያስደርጉ፤ ከአፈር ምርመራም ርካሽ ነው።

መሬቱ በፌዴራል ገንዘብ የሚደገፍ የእርሻ ጥበቃ ፕሮግራም ውስጥ ገብቶ እንደሆነም ይጠይቁ። መንግሥት ለሌላ ዓላማ በከፈለበት የጥበቃ ሥራ ላይ ክሬዲት ማግኘት በደንቡ ተከልክሏል። አውሮፕላን ማረፊያ በአቅራቢያ ካለም ያስቡበት፤ የፌዴራሉ የአቪዬሽን አስተዳደር ጄት በሚያርፍበት ሜዳ ዙሪያ በ10,000 ጫማ ርቀት ውስጥ ወፍ የሚስብ ረግረግ እንዳይኖር ይመክራል።

ስለ ገንዘብ ዋስትና ደግሞ፦ ባንኩ ቢከሽፍ ሥራውን የሚያስጨርስ ገንዘብ በቦንድ፣ በባንክ የዋስትና ደብዳቤ ወይም በዝግ ሒሳብ መቀመጥ አለበት። ለዘለቄታው ጥበቃም ለብቻው ፈንድ ይጠየቃል። ሦስት ሰው ሆናችሁ ስትሰበሰቡ የግንባታውን ወጪ ብቻ አስልታችሁ እንዳትነሡ።

የደከመ ባለድርሻ፦

እኔ ባለሙያ አይደለሁም። ከአምስት ወዳጆቼ ጋር በአንድ ባንክ ውስጥ ድርሻ ነበረኝ፤ ቦታውንም ኩባንያውንም አልጠራም።

ችግራችን ከወረቀት አልመጣም፤ ፈቃዱ በሰዓቱ ወጥቶልን ነበር። ሥራውን የወሰደው ተቋራጭ ችግኙን ማርች ላይ መትከል ሲገባው ሜይ አጋማሽ ላይ አመጣው። ሥሮቻቸው አፈር ሳይዙ በጆንያ ተጠቅልለው የሚመጡ ችግኞች ናቸው፤ ከመኪናው ሲወርዱ ብዙዎቹ አቆጥቁጠው ነበር። በዚያ ላይ ቦዩን ሲደፍኑ አንዱን ጥግ ከሚገባው በላይ ስላሳደጉት፣ ስምንት ኤከር ያህል ወደ ኩሬነት ተለወጠ። የዊሎው ኦክ ችግኝ እርጥበት ይወዳል እንጂ በጋውን ሙሉ ጉልበት ድረስ በቆመ ውኃ ውስጥ አይኖርም። የተረፈውን አጋዘን ቀነጠበው።

በሁለተኛው ዓመት የቆጠራ ቀን አብሬ ሄጄ ነበር። ባለሙያዋ አንድ ካስማ መሬት ላይ ተክላ፣ 30 ጫማ ገመድ ይዛ ዞረች፤ በዚያ ክብ ውስጥ ያለውን ሕያው ግንድ ሁሉ አንድ በአንድ ቆጠርን። የእኛ ሰነድ በኤከር 400 ግንድ ይጠይቅ ስለነበር በክቡ ውስጥ ቢያንስ 26 መገኘት ነበረባቸው። ዘጠኝ ቆጠርን። ሁለተኛው ክብ ውስጥ አሥራ አንድ፣ ሦስተኛው ኩሬው ውስጥ ስለነበር ባዶ። የዚያ ዓመት ክሬዲት አልተለቀቀም፤ የብድሩ ወለድ ግን አልቆመም። ድጋሚ ተከላው፣ የኩሬው መፍሰሻ ዝቅ መደረጉና የሁለት ዓመት መዘግየት ተደምረው አጣሉን፤ ከአምስቱ ወዳጆቼ ከሁለቱ ጋር እስከ ዛሬ አንነጋገርም። ባንኩ በመጨረሻ መስፈርቱን አሟልቷል ይባላል፤ እኔ ግን ድርሻዬን በገዛሁበት ዋጋ ሸጬ ወጥቼ ነበር።

ከቤተሰብ ጋር ስለምትሠሩ ነው ይህን የጻፍኩት። ማን ስንት እንደሚያዋጣና ተጨማሪ ገንዘብ ሲጠየቅ መክፈል ያልቻለው ምን እንደሚሆን አስቀድማችሁ ጻፉ።

የሐይቅ ዳር ልጅ፦

ከመንገዱ ወጣ ልበልና አንድ ነገር ልጠይቅ። ከተማ አጠገብ ያለች ረግረግ ተደፍና ርቆ ባለ እርሻ ላይ ሌላ ሲተከል፣ የከተማው ሰው የጎርፍ መከላከያውን አጣ፤ ገጠሩ ደግሞ ያልጎደለውን አገኘ። ይህ በእውነት ማካካሻ ይባላል?

አፈር ቆፋሪ፦

ለሐይቅ ዳር ልጅ፦ ሥጋትዎ የብዙ ባለሙያዎችም ነው፤ እኔም በከፊል እጋራዋለሁ። ባንክ በፈለገው ቦታ አይሸጥም፤ የአገልግሎት ክልሉ በተፋሰስ ይወሰናል። በቨርጂኒያ ክሬዲቱ በአብዛኛው የሚያገለግለው በዚያው ንዑስ ተፋሰስ ወይም በዚያው የወንዝ ተፋሰስ ውስጥ ባለው አጎራባች ነው። ቢሆንም ተፋሰስ ሰፊ ነው፤ ከላይ የጠፋው ከታች ሲካካስ መሐል ያለው ሰፈር ልዩነቱን በጎርፍ ቀን ያየዋል።

ገበሬው በቨርጂኒያ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ይህን ያህል አልጠበቅሁም ነበር። ሁለት ነገር ልጨምር። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የቅርብ ዓመት ውሳኔ ረግረግን ከፌዴራል ጥበቃ ስላወጣ የክሬዲት ገበያው ሞቷል የሚል ሰው አለ፤ እውነት ነው? ኩባንያው ደግሞ አሁን የላከው ውል በሦስት ዓመት ውስጥ ከፈለገ መሬቱን የመግዛት፣ ካልፈለገ የመተው አማራጭ መብት እንዲይዝ የሚያደርግ ነው፤ ምን ልጠንቀቅ?

አፈር ቆፋሪ፦

ሞቷል ማለት ማጋነን ነው። በሜይ 2023 በሳኬት ጉዳይ የተሰጠው ውሳኔ ከአይዳሆ የመጣ ሲሆን፣ የፌዴራሉ ሕግ የሚሸፍነው ከቋሚ ውኃ ጋር ያልተቋረጠ የገጽ ግንኙነት ያለውን ረግረግ ብቻ ነው ብሏል። የራሳቸው ሕግ በሌላቸው ስቴቶች ገንቢው ፈቃድ የማይጠይቅበት ረግረግ ስለበዛ የክሬዲት ፍላጎት ይቀንሳል ብሎ መጠበቅ ተገቢ ነው። ቨርጂኒያ ግን በ2000 ባወጣችው ሕግ ከፌዴራሉ ነፃ ሆና ረግረጎቿን የምትጠብቅበት የራሷ ፈቃድ አላት። እዚህ በተለምዶ አንድ ኤከር ደን የለበሰ ረግረግ ለጠፋበት ሁለት፣ ቁጥቋጦ ለሆነ አንድ ተኩል፣ ሣርና ቄጤማ ለሆነ አንድ ክሬዲት ይጠየቃል። ስለዚህ ጥያቄው ፍርድ ቤቱ ሳይሆን ተፋሰሳችሁ ነው፤ በዚያ ክልል ግንባታ አለ ወይ? ስንት ባንክ ተቀምጦ ያልተሸጠ ክሬዲት ይዟል? ይህን ጓዱ በሚያስተዳድረው ሪቢትስ በተባለው የሕዝብ መዝገብ ላይ በነፃ ያያሉ። የእኅትዎ ልጅ ሌሊት ማንበብ የሚወድ ከሆነ እርሱን ያስነብቡት።

የውል ነገር፦

ስለ አማራጭ ውሉ፦ ሦስት ዓመት ብዙ ነው፤ በየዓመቱ የማይመለስ ክፍያ እንዲኖረው ይጠይቁ። ኩባንያው መሬትዎ ላይ የሚያደርገው የልየታ ሥራና የውኃ ልኬት ውጤት ሁሉ፣ ውሉ ቢቀርም ለእርስዎ እንዲሰጥ ይጻፍ፤ ይህን ነጥብ ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ መረጃው ግን ከክፍያው ይልቅ ሊጠቅም ይችላል። ከሽያጭና ራስን ችሎ ከማቋቋም መሐል ሦስተኛ መንገድም አለ፤ መሬቱን እናንተ ይዛችሁ ኩባንያው ባንኩን ያቋቁማል፣ ዋስትናውንም ያስቀምጣል፣ እናንተ ከተሸጠው ክሬዲት ድርሻ ታገኛላችሁ። በዚህ ጊዜ ድርሻው ከጠቅላላ ሽያጩ ይሁን ወይስ ወጪ ከተቀነሰ በኋላ የሚለው ቃል ይለያል፤ ጠቅላላውን ይያዙ። ከፍ ያለው እርሻችሁና የጎረቤት መሬት በተደፈነው ቦይ ምክንያት ውኃ ቢገባበት ተጠያቂው ማን እንደሆነም በግልጽ ይቀመጥ።

ገበሬው በቨርጂኒያ፦

ቅዳሜ ሦስታችንም አካፋ ይዘን ወጣን። ስድስት ጉድጓድ ቆፈርን። በፊላ ከተሞላው ቦይ አጠገብ ያሉት ሁለቱ ግራጫ ሆነው ብርቱካናማው ክር በግልጽ ይታያል፤ ወዲያውም ውኃ ከሥር ሞላባቸው። ክፍት በሆነው ቦይ በኩል ያሉት አራቱ ግን ያው ግራጫ አፈር ሆነው እስከ ሃያ ኢንች ድረስ ደረቅ ናቸው። ታላቁ የእኅቴ ልጅ፣ እንሽጥ ይል የነበረው፣ ክፍቱን ቦይ ከዳር እስከ ዳር በእግሩ ለክቶ ከጎረቤታችን ወሰን ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በስልኩ ፎቶ አነሣ። የግብርና ቢሮው የ1970ዎቹን የአየር ፎቶ ለመጪው ሳምንት ቀጥሮናል።

ለኩባንያው የመለኪያ ቱቦዎቹን አስቀብረው አንድ የዕድገት ወቅት ሙሉ እስኪመዘግቡና ውጤቱን እስኪሰጡን ድረስ አማራጭ ውሉን እንደማንፈርም ጻፍንላቸው። ገና አልመለሱም። አፈር ቆፋሪ፣ የጉድጓዶቹን ፎቶ ብልክልዎ ቀለሙን ያዩልኛል?

አፈር ቆፋሪ፦

ይላኩ። ግን ፎቶውን አፈሩን አርጥበው፣ በጥላ ሳይሆን በፀሐይ ብርሃን ያንሡት፤ ጥላ ሁሉንም አፈር ግራጫ ያስመስላል። አራቱ ደረቅ ጉድጓዶች ከክፍቱ ቦይ ስንት ጫማ እንደሚርቁም ይጻፉልኝ።